ስለ ደራሲ መብትና ስለ ዕለታዊ የኢንተርኔት አጠቃቀማችን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



በዚህ የደስታ ቀን እንድንናገር ዕድል በተሰጠን ጊዜ፣ ስለ ምን ብንናገር ይሻላል ብለን ብዙ ተማክረን ነበር። ከእኛ አንዳንዱ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ አንዳንዱም ስለ ወጣቱ ኀላፊነት ይሁን የሚል አሳብ አቀረበ። እነዚህ ርእሶች መልካም መሆናቸውን አንክድም። ይሁን እንጂ በዚህ ዓመት በመካከላችን የደረሰ፣ ይልቁንም እኛው ራሳችን ያደረስነው አንድ ነገር ስላለ፣ የሌላውን ከማውራት የራሳችንን መናዘዝ ይበልጣል በማለት ይህንን መረጥን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመምህራኖቻችን አንዱ ለመልቀቂያ ፈተና የሚረዳ የሒሳብ መጽሐፍ አዘጋጅተው በራሳቸው ገንዘብ አሳትመው ነበር። እያንዳንዱ ጥያቄ ከነአሠራሩ ተብራርቶ የተጻፈ ስለሆነ ለተማሪ ታላቅ ረዳት ነው። ከእኛ አንዱ መጽሐፉን ገዛ። በዚያው ማታ ገጽ በገጽ በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ በክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈው። እኛም አመሰገንነው፤ ለጋስ ጓደኛ ነው አልን። ሳምንት ሳይሞላ መጽሐፉ ከእኛ አልፎ ወደማናውቃቸው ትምህርት ቤቶች ተሻገረ። የመጀመሪያው ገጽ፣ ማለትም የመምህራችን ስም ያለበት ገጽ፣ በመንገድ ቀርቶ ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ መምህራችን ወደ ክፍል ገብተው ሰሌዳውን ካጸዱ በኋላ፣ «መጽሐፉን የገዛችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ» አሉን። ከክፍሉ ተማሪ ሁሉ እጃቸውን ያወጡ ሦስት ብቻ ሆኑ። «ያነበባችሁትስ?» ብለው ጠየቁ። ጥቂት ዝም ካልን በኋላ የሁላችንም እጅ ወጣ። መምህራችን አልተቆጡም። «ማንበባችሁ ደስ ይለኛል። ሁለተኛውን መጽሐፍ ግን አላሳትምም፤ የዚህኛው የማተሚያ ቤት ዕዳ ገና አላለቀም» ብለው ወደ ዕለቱ ትምህርት አለፉ። ቢቆጡን ኖሮ ይቀለን ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ተማሪዎች በሁለት ወገን ተከፈልን። አንደኛው ወገን «ይህ ስርቆት ነው» አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «መጽሐፉ ከመምህሩ ቤት አልጠፋም፤ ታዲያ ምን ተሰረቀ? ደግሞስ ዋጋው ለሁላችንም ወላጆች የሚቻል ነውን?» ሲል መለሰ። ክርክሩ በጩኸት እንደማያልቅ በተረዳን ጊዜ፣ ሕጉ ምን ይላል ብለን መጠየቅ ጀመርን። ዛሬ በፊታችሁ የምናቀርበው ከዚያ ጥያቄ ያገኘነውን ነው።

በመጀመሪያ ወደ ጥንቱ እንመለስ። በአገራችን መጽሐፍ መገልበጥ ነውር አልነበረም፤ እንዲያውም እንደ ጽድቅ ሥራ ይቈጠር ነበር። ቁም ጸሐፊው ብራናውን አለስልሶ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ መቃውን ቀርጾ አንድ መጽሐፍ ለመገልበጥ ወራት ይፈጅበት ነበር። እንደዚህ ባይደክም ኖሮ ከጥንት መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬ ባልደረሱን ነበር። ነገር ግን በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ የጻፈው፣ ያጻፈው ወይም የባለቤቱ ስም ተመዝግቦ ይገኛል። ከዚሁ ጋር መጽሐፉን የሰረቀ ወይም ስሙን የፋቀ ውጉዝ እንዲሆን የሚያስጠነቅቅ ቃል ተጽፎ እናያለን። እንግዲህ አባቶቻችን መገልበጥን ሲያመሰግኑ ስም መፋቅን ግን ያወግዙ ነበር ማለት ነው። የመምህራችን ስም ያለበት ገጽ በመንገድ መቅረቱ ያሳፈረን ይህንን ባሰብን ጊዜ ነው።

የማተሚያ መኪና ከመጣ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። አንድ መጽሐፍ በአጭር ጊዜ ሺህ ሆኖ ሊወጣ ስለቻለ፣ ደራሲው የደከመበትን ሌላው አትሞ የሚከብርበት መንገድ ተከፈተ። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1710 የወጣው ሕግ ለአዲስ መጽሐፍ ደራሲ የ14 ዓመት መብት ሰጠ፤ ደራሲው በሕይወት ካለ ለሌላ 14 ዓመት ይታደስለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 ደግሞ በስዊስ አገር በበርን ከተማ አንዱ መንግሥት የሌላውን አገር ደራሲ መብት እንዲያከብር የሚያስገድድ ስምምነት ተፈረመ። በእኛም አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። ከዚያም በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ። በዚህ አዋጅ መሠረት የደራሲው መብት በሕይወቱ ዘመን ሁሉ፣ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ እስከ 50 ዓመት ይጠበቃል።

ሕጉ የሚጠብቀው ምንድን ነው? አሳቡን ሳይሆን አሳቡ የተገለጸበትን መንገድ ነው። የፓይታጎራስ ደንብ የማንም ንብረት አይደለም፤ ማንም ሊያስተምረው ይችላል። መምህራችን ያንን ደንብ ለማስረዳት የመረጡት ቃል፣ ያወጡት ጥያቄና የሳሉት ሥዕል ግን የእርሳቸው ነው። መብቱም ሁለት ወገን አለው። አንደኛው የገንዘብ ጥቅም ነው፤ ይኸውም ሥራውን የማባዛት፣ የማከፋፈልና ለሕዝብ የማቅረብ መብት ነው። ሁለተኛው የሞራል መብት ይባላል፤ ይኸውም የሥራው ደራሲ እኔ ነኝ የማለትና ሥራው ስሙን በሚጎዳ መንገድ እንዳይለወጥበት የመቃወም መብት ነው።

ሕጉ ጨካኝ ብቻ ነው ብለን አስበን ነበር፤ ነገር ግን ለተማሪ በር ከፍቷል። አንድ ሰው ለግል ጥቅሙ ብቻ ከታተመ ሥራ አንድ ቅጂ ቢያዘጋጅ አይከለከልም። ይሁን እንጂ ይህ ፈቃድ አንድን መጽሐፍ በሙሉ ወይም ዋናውን ክፍል እስከ ማባዛት አይደርስም። የደራሲውንና የምንጩን ስም ጠቅሶ ከሌላው ሥራ ጥቂት መጥቀስም ይፈቀዳል። ለማስተማር ሲባል፣ ለትምህርቱ ከሚያስፈልገው መጠን ሳያልፍ፣ የታተመ ሥራን ማባዛትም ቦታ ተሰጥቶታል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ግልጽ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ኢንተርኔት ሲመጣ ነው። እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 በጄኔቫ አጠገብ ባለው የሰርን የምርምር ተቋም ሳለ የድረ ገጽን አሳብ አቀረበ። ተቋሙም እ.ኤ.አ. በ1993 ይህን የፈጠራ ሥራ ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለዓለም ለቀቀው። ድረ ገጽ እንዲህ የተስፋፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ልግስና ነው።

አሁን አንድ ነገር እናስተውል። የታተመ መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርዶ የሚያነብ ሰው ምንም አይገለብጥም። ድረ ገጽ የሚከፍት ሰው ግን ሳያውቀው ይገለብጣል፤ ምክንያቱም ገጹ በስልኩ ላይ የሚታየው ቅጂው ተልኮለት፣ በመሣሪያው ውስጥ ለጊዜው ስለሚቀመጥ ነው። ስለዚህ በኢንተርኔት ላይ ማንበብ ራሱ መገልበጥ ሆነ። ሕጉ «ያለ ፈቃድ አትገልብጥ» ሲል የተጻፈው ለማተሚያ መኪና ነበረ፤ ቃሉ እንዳለ ቢተረጐም ግን የሚያነበውን ሁሉ በደለኛ ሊያደርግ ነው። በዚህ ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው ጊዜያዊ ቅጂ እንዳይከለከል አደረገ። የኅብረቱ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2014 ድረ ገጽ በማንበብ ብቻ በመሣሪያው ላይ ለሚፈጠር ቅጂ የባለመብቱ ፈቃድ እንደማያስፈልግ ወሰነ።

ታዲያ ማንበብ ከተፈቀደ፣ ያነበቡትን መልሶ መለጠፍስ? በዚህ ላይ እንደ እኛ ያለ አንድ ተማሪ ያስነሣውን ክርክር እንንገራችሁ። በጀርመን አገር በዋልትሮፕ ከተማ በሚገኝ ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ ለስጳኝ ቋንቋ ትምህርት ጽሑፍ አዘጋጀ። ስለ ኮርዶባ ከተማ ሲጽፍ፣ ማንም ሊያየው ከሚችል አንድ የጉዞ ድረ ገጽ ፎቶግራፍ አውርዶ በጽሑፉ ውስጥ አስገባ፤ የወሰደበትንም ድረ ገጽ ስም ጻፈ። ትምህርት ቤቱ በሥራው ደስ ብሎት እ.ኤ.አ. በ2009 ጽሑፉን በራሱ ድረ ገጽ ላይ አወጣው። ፎቶግራፍ አንሺው ግን «እኔ የፈቀድሁት ለጉዞው ድረ ገጽ ብቻ ነው» ብሎ ክስ አቀረበ፤ የጠየቀውም ካሣ 400 ኤውሮ ነበር።

ነገሩ ከአንዱ ፍርድ ቤት ወደ ሌላው እየተላለፈ በመጨረሻ ሉክሰምቡርግ ወደሚገኘው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ። የፍርድ ቤቱ የሕግ አማካሪ፣ ፎቶግራፉ አስቀድሞ ለሁሉ ክፍት የነበረና ትምህርት ቤቱም ለትርፍ ያልሠራ ስለሆነ መብት አልተጣሰም የሚል አሳብ ሰጡ። ዳኞቹ ግን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 2018 በሰጡት ፍርድ ይህንን አልተቀበሉም። ሥራውን ከመጀመሪያው ቦታ ገልብጦ በሌላ ድረ ገጽ ላይ ማውጣት አዲስ ፈቃድ ያስፈልገዋል አሉ። ምክንያታቸውም ይህ ነው፤ ባለቤቱ ነገ አሳቡን ለውጦ ፎቶግራፉን ከጉዞው ድረ ገጽ ቢያነሣው፣ በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ያለው ቅጂ ግን ከቁጥጥሩ ውጭ ሆኖ ይቀራል።

ይኸው ፍርድ ቤት ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰጠው ሌላ ፍርድ ደግሞ፣ በባለቤቱ ፈቃድ ለሁሉ ክፍት ወደሆነ ገጽ የሚመራ ሊንክ ማስቀመጥ ፈቃድ እንደማያስፈልገው ተናግሮ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በምሳሌ ብንገልጸው፣ ሊንክ «የእገሌ ቤት በዚያ በኩል ነው» ብሎ እንግዳን መምራት ነው። እንግዳው የሚገባው በባለቤቱ በር ነው፤ ባለቤቱም በሩን ሊዘጋ ይችላል። ገልብጦ መለጠፍ ግን የሰውን ዕቃ ወደራስ ቤት አምጥቶ ማሳየት ነው። እርግጥ ነው፣ ወደ ተሰረቀ ዕቃ መደበቂያ ሰውን የሚመራ አወቅሁ እያለ ቢመራ እርሱም ከበደል ነጻ አይሆንም።

ይህ ፍርድ የአውሮፓ ነው፤ የአገራችንን ዳኛ አያስገድድም። እኛም ስናነበው ለዚያ ተማሪ አዘንን፤ ምክንያቱም የሠራው ሁላችንም በየቀኑ የምንሠራውን ነው። እርሱ እንዲያውም የወሰደበትን ስም ጽፏል፤ እኛ ያንን እንኳ አላደረግንም። ከማለዳ እስከ ማታ የምናደርገውን ብንቈጥር፣ የሰው ፎቶግራፍ እናስተላልፋለን፤ ለምንቀርጸው ቪዲዮ የዘፋኝ ዜማ ከሥሩ እናስገባለን፤ የሌላውን ግጥም የእኛ አስመስለን እንለጥፋለን። ሕጉ ይህን ሁሉ በፍርድ ቤት ልጠይቅ ቢል ዳኛም፣ ወኅኒ ቤትም አይበቃውም። ሕዝብ ሁሉ ዕለት ዕለት የሚተላለፈው ሕግ ደግሞ ክብሩን ያጣል። ስለሆነም በሕጉና በልማዳችን መካከል ሰፊ ገደል አለ የሚሉት ሰዎች እውነት አላቸው።

ነገር ግን ገደሉ በአንድ ወገን ብቻ አይሞላም። ጓደኞቻችን «ምን ተሰረቀ?» ብለው ላነሡት ጥያቄ መልሱን ያገኘነው ከሕግ መጽሐፍ ሳይሆን ከራሳችን ክፍል ነው። የተወሰደው ወረቀት አይደለም፤ ሁለተኛው መጽሐፍ ነው። እኛ ስልካችንን ከፍተን ፈተናችንን እናጠናለን፤ ዛሬ በ11ኛ ክፍል ያሉት ታናናሾቻችን ግን በሚመጣው ዓመት ሁለተኛውን መጽሐፍ ሲፈልጉ አያገኙትም፤ አልታተመምና። ጉዳቱ የደረሰው በመምህራችን ላይ ብቻ አይደለም፤ ከኋላችን በሚመጡት ላይም ነው። ወንዝ ተሻግሮ ድልድይ ማፍረስ ይሉታል እንዲህ ያለውን።

«ዋጋው ለሁሉ አይቻልም» የሚለውም ክርክር ውሸት አይደለም። ከእኛ መካከል የደብተር መግዣ የሚቸግረው እንዳለ እናውቃለን። ነገር ግን ድኻውን ተማሪ ለመርዳት የምንከፍለው ከማን ኪስ ነው? ከመምህራችን ኪስ ሳንጠይቃቸው መክፈላችን ልግስና አይባልም። በሰው ገንዘብ የሚሰጥ ምጽዋት ለሰጪው ምስጋና አያተርፍም። መጀመሪያ ጠይቀናቸው ቢሆን ኖሮ፣ ለቤተ መጻሕፍት ጥቂት ቅጂ ሊሰጡን፣ ወይም ለቸገረው ዋጋ ሊቀንሱ በቻሉ ነበር። የጐደለን ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ አንድ ጥያቄ ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እኛ ሕግ አውጪዎች አይደለንም፤ ዕድሜያችንም ትንሽ ነው። ሆኖም ከዚህ ጉዳይ የተማርነውን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ መምራት ሲቻል አንገልብጥ። በድረ ገጽ ላይ መልካም ነገር ያገኘ ሰው ሊንኩን ይላክ እንጂ ሥራውን ከቤቱ አያውጣው።

ሁለተኛ፣ መገልበጥ የግድ ሲሆን፣ የሚያስፈልገንን ያህል ብቻ እንውሰድ፤ የባለቤቱንም ስም እንጻፍ። ስም መጻፍ ብቻውን ፈቃድ እንደማይሆን ከዋልትሮፑ ተማሪ አይተናል፤ ቢሆንም የአክብሮት መጀመሪያ ነው።

ሦስተኛ፣ አስቀድሞ የተፈቀደውን እንፈልግ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው ክሬቲቭ ኮመንስ የሚባለው ድርጅት፣ ደራስያን «ስሜን ጠርታችሁ ተጠቀሙበት» ወይም «ለንግድ ካልሆነ ውሰዱት» እያሉ በሥራቸው ላይ የሚያኖሩትን የፈቃድ ዓይነት አዘጋጅቷል። የውክፔዲያ ጽሑፎች በእንዲህ ያለ ፈቃድ የቀረቡ ናቸው፤ ስሙን የጠቀሰና ያሻሻለውንም በዚያው ፈቃድ የሚያካፍል ሁሉ ሊጠቀምባቸው ይችላል።

አራተኛ፣ እንጠይቅ። ፎቶግራፍ አንሺውም ደራሲውም በአንድ አጭር መልእክት ይገኛሉ። ብዙዎቹ «ፈቅጃለሁ» እንደሚሉ እናምናለን። እምቢ ቢሉም መብታቸው ነው።

ለታላላቆቻችንም አንድ ልመና አለን። ሕጉ የሚከበረው ተማሪው በሕጋዊ መንገድ የሚያነበው ሲያገኝ ነው። ቤተ መጻሕፍታችን በየትምህርቱ በቂ መጽሐፍ ቢኖረው፣ ደራስያንም መጻሕፍታቸውን በአነስተኛ ዋጋ በስልክ የሚነበቡ አድርገው ቢያቀርቡልን፣ ብዙው ተማሪ ወደ ስውሩ መንገድ አይሄድም። በሩን ዘግቶ በመስኮት የገባውን ብቻ መቅጣት ሙሉ መድኀኒት አይሆንም።

በመጨረሻ የራሳችንን ጉዳይ ከምን እንዳደረስነው እንናገር። የለጠፍነውን ከግሩፓችን አጠፋን፤ ከእኛ አልፎ የሄደውን ግን ልንመልሰው አልቻልንም፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስምና። ከዚያም እያንዳንዳችን እንደ ዐቅማችን አዋጥተን ወደ መምህራችን ሄድን። ያዋጣነው የሁላችንን ያህል መጽሐፍ ዋጋ አልሞላም። መምህራችን ገንዘቡን ቈጥረው ተቀበሉ፤ ለተቀበሉትም ልክ አሥራ ሁለት መጽሐፍ አውጥተው ሰጡን። እነዚያ መጻሕፍት ዛሬ በቤተ መጻሕፍታችን ይገኛሉ። ስለ ሁለተኛው መጽሐፍ በጠየቅናቸው ጊዜ ግን «እናያለን» ከማለት በቀር ሌላ አልመለሱልንም። እኛም ከዚያ በላይ የመጠየቅ ድፍረት አልነበረንም።

ይህንንም የዓመት መጽሐፍ ስታገላብጡ ስለ ላሊበላ በተጻፈው ጽሑፍ ላይ አንድ ጥቂት የደበዘዘ ፎቶግራፍ ታያላችሁ። በመጀመሪያ ከኢንተርኔት ያወረድነው እጅግ የሚያምር ነበር፤ የማን እንደሆነ ማወቅ ስላልቻልን አነሣነው። በእርሱ ፈንታ የገባው ከእኛ አንዷ ከወላጆቿ ጋር ለገና በዓል በሄደች ጊዜ በራሷ ስልክ ያነሣችው ነው። ከሥሩ ስሟ ተጽፏል። ከውበት ቢያንስም በእውነት የእኛ ነው።

ትምህርት ቤታችን እኛን ሲያሳድግ የሰጠን መጻፍና ማንበብን ብቻ አይደለም፤ የሌላውን ድካም ማክበርንም ነው። ይህንን ሳንማር ብንወጣ የያዝነው ወረቀት ብቻ በሆነ ነበር። ታናናሾቻችን ሆይ፣ እኛ የተሳሳትንበትን እናንተ አትድገሙት። ሁለተኛው መጽሐፍ በሚመጣው ዓመት ከታተመ ደግሞ፣ እባካችሁ ስለ እኛም ጭምር ግዙት።

 እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንንና መምህራኖቻችንን ይባርክልን።